የኤሌክትሮን አክስለሬተር ኢነርጂ እንዴት ነው የሚቀየረው፣ ከገኑ ጀምሮ እስከ ውሃው ድረስ

ኮባልት ማሽን ላይ ሰርተው ወደ ሊናክ (ኤሌክትሮን አጣድፎ የህክምና ጨረር የሚያወጣው ማሽን) የሚመጡ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሁሌ አንድ ነገር ነው፣ «ኢነርጂውን የሚቀይረው የቱ ነው?» ጥያቄው ልክ ነው። ኮባልት 60 ኢነርጂ አያስመርጥም፣ 1.17 እና 1.33 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ ይወጣል፣ በቃ። ምንጩ በየ5.27 ዓመቱ በግማሽ እየደከመ ይሄዳል፣ እኛ የምናስተካክለው የህክምናውን ደቂቃ ነው፣ ጨረሩ ሰውነት ውስጥ የሚገባበት ጥልቀት ግን ዛሬም ከ10 ዓመት በኋላም ያው ነው። ጥቁር አንበሳም ለብዙ ዓመት የቆየው በኮባልት ስለነበር እኛ ሀገር ብዙ ሰው በዚ ልማድ ነው ያደገው። ሊናክ ላይ ግን ይሄ ዋስትና የለም። ኢነርጂው እዛው ማሽኑ ውስጥ በየሰከንዱ የሚሰራ ነገር ነው፣ ስለዚ ስትፈልጉ ይቀየራል፣ ሳትፈልጉም ይቀየራል፣ ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ የተጠየቀውን ነው የሚነግራችሁ እንጂ የወጣውን አይደለም።

ይሄን የምጽፈው ለሜዲካል ፊዚክስ ተማሪዎች፣ ለባዮሜዲካል ኢንጂነሮች እና ነገሩን ከስሩ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ነው። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር፣ ታካሚ የሚገባበት ማሽን ላይ ማንም ብቻውን ተነስቶ ኢነርጂ አይነካም። ኢንጂነሩ ያስተካክላል፣ ፊዚሲስቱ ይለካል፣ ሁለቱም ከፈረሙ በኋላ ነው ታካሚ የሚገባው። ሆስፒታል ውስጥ ኢነርጂ መምረጥ ማለት ፋብሪካው እና እናንተ አስቀድማችሁ ካዘጋጃችኋቸው ውስጥ አንዱን መጥራት ነው፣ እኔ እዚ የማወራው ከዛ ጥሪ ጀርባ ምን እንደሚሆን እና አዲስ ኢነርጂ ሲስተካከል ወይ ከጥገና በኋላ ሲመለስ በምን ቅደም ተከተል እንደሚኬድ ነው።

መጀመሪያ ፍጥነቱን እርሱት

ብዙ ሰው ኢነርጂ መጨመር ማለት ኤሌክትሮኑን የበለጠ ማፍጠን ይመስለዋል። መጀመሪያው አካባቢ ልክ ነው። ከገኑ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ከሚተፋው ክፍል፣ በ50 ኪሎቮልት የወጣ ኤሌክትሮን የብርሃንን ፍጥነት 41 ፐርሰንት ያህል ነው የሚሄደው። 1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሲደርስ (ከዚ በኋላ ኤምኢቪ እላለሁ) 94 ፐርሰንት ይሆናል፣ 6 ኤምኢቪ ላይ 99.7፣ 20 ኤምኢቪ ላይ 99.97። አያችሁ አይደል፣ ከ6 ወደ 20 ስንሄድ ኢነርጂው ከሶስት እጥፍ በላይ አድጎ ፍጥነቱ ምንም አላለም ማለት ይቻላል፣ ያደገው ሞመንተሙ ነው።

ይሄን ካልያዛችሁ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ግራ ይገባችኋል። የማጣደፊያው ቱቦ ሁለት ባህሪ ያለው ነገር ነው። መጀመሪያው ክፍል፣ በንቸር የሚባለው፣ ኤሌክትሮኖቹን እየሰበሰበ ከሞገዱ ጋር የሚያገናኝበት ነው፣ እዚ ጋር ኤሌክትሮኑ ገና እየፈጠነ ስለሆነ ሁሉም ነገር በልክ መሆን አለበት። የሚሄድ ታክሲ ላይ ሮጦ እንደመሳፈር አስቡት፣ የሚሮጠው ሰው ፍጥነት እና የታክሲው ፍጥነት ካልተቀራረበ ሰውዬው አይሳፈርም፣ ወይ ይወድቃል። ከበንቸሩ በኋላ ያለው ክፍል ላይ ግን ኤሌክትሮኑ የብርሃን ፍጥነት አጠገብ ደርሷል፣ ተሳፍሯል፣ ስለዚ እዛ ያለውን ኤሌክትሪክ ፊልድ ብትጨምሩም ብትቀንሱም ከሞገዱ ጋር ያለው አብሮነት አይበላሽም። ኢነርጂ የመቀየር ጥበብ በአጭሩ ይሄ ነው፣ በንቸሩን ሳትረብሹ ቀሪውን መቀየር።

የምትነኳቸው ነገሮች

መጀመሪያ ወደ ሰው አእምሮ የሚመጣው የማይክሮዌቭ ፓወር ነው፣ አመንጪው ማግኔትሮን ይሁን ክላይስትሮን። ኢነርጂው የሚከተለው የፓወሩን ስኩዌር ሩት ነው። ፓወሩን በግማሽ ብትቀንሱ ኢነርጂው በግማሽ አይወርድም፣ ወደ 71 ፐርሰንት ነው የሚወርደው፣ ከ12 ወደ 6 ኤምኢቪ ለመውረድ ፓወሩ ሩብ መሆን አለበት ማለት ነው። ችግሩ ፓወሩን ስትቀንሱ በንቸሩም አብሮ ይደክማል፣ የሚሳፈሩት ኤሌክትሮኖች ያንሳሉ፣ የተሳፈሩትም ኢነርጂያቸው የተበታተነ ይሆናል። ስለዚ በፓወር ብቻ ትንሽ መንገድ ይኬዳል እንጂ ከላይ እስከ ታች አያደርስም።

ሁለተኛው የገኑ ከረንት ነው፣ እኔ እዚ ጋር ብዙ ሰው ሲሳሳት ስለማይ ረዘም አድርጌ ልሂድበት። ኤሌክትሮኖቹ ኢነርጂያቸውን የሚወስዱት ቱቦው ውስጥ ካለው ሞገድ ነው፣ ብዙ ኤሌክትሮን ካስገባችሁ ሞገዱን ይካፈሉታል፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል። ቢም (የኤሌክትሮኑ ጨረር) ሎዲንግ የሚባለው ይሄ ነው፣ ከረንት ሲጨምር ኢነርጂ ይወርዳል። ለማስላት እንዲመቸን ቁጥር ፈጥረን እንሂድ፣ አንድ ማሽን ሙሉ ፓወር ላይ ከረንት ሳይኖር 10 ኤምኢቪ ይሰጣል እንበል፣ እያንዳንዱ ሚሊአምፔር ደግሞ 0.03 ኤምኢቪ ይቀንስበታል። በ100 ሚሊአምፔር 3 ይቀንስና 7 ኤምኢቪ ይሆናል። አሁን ፓወሩን በግማሽ እናውርደው፣ ባዶው 7.07 ይሆናል፣ የከረንቱ ቅናሽ ግን ያው 3 ነው፣ ምክንያቱም የሎዲንጉ ቁጥር ከፓወሩ ጋር አይቀየርም፣ ስለዚ የቀረን 4.07 ነው። በ71 ፐርሰንት ይወርዳል ብሎ የጠበቀ ሰው ወደ 5 ገደማ ሲጠብቅ 4 አገኘ።

ይሄ ለምን ያስጨንቀኛል መሰላችሁ፣ ማሽኑ ፎቶን (ኤክስሬይ) ሲያወጣ እና ኤሌክትሮኑን ራሱን ሲያወጣ የሚያስፈልገው ከረንት በጣም የተለያየ ነው። ፎቶን ላይ ቢሙ ኤክስሬይ የሚፈጥርበት ብረት፣ ታርጌት፣ ላይ ተጋጭቶ አብዛኛው ወደ ሙቀት ስለሚሄድ እና ቢሙን ጠፍጣፋ የሚያደርገው ፍላተኒንግ ፊልተርም ስለሚበላው ከረንቱ ከኤሌክትሮን ሞድ መቶ እጥፍ እና ከዛ በላይ ነው። ስለዚ ለ6 ኤምቪ ፎቶን (የፎቶን ኢነርጂ በኤምቪ ነው የሚጠራው) የተስተካከለውን ፓወር ሳትነኩ ከረንቱን ብቻ ወደ ኤሌክትሮን ሞድ ብታወርዱ ሎዲንጉ ይጠፋና ኢነርጂው ወደ ላይ ይዘላል። ፓወር እና ከረንት ሁሌ አብረው ነው የሚንቀሳቀሱት፣ አንዱን ነክቶ ሌላውን መተው የለም።

ሶስተኛው ፌዝ ነው፣ ኤሌክትሮኑ ሞገዱ ላይ የሚያርፍበት ቦታ፣ ይሄ ሁለት እና ከዛ በላይ የማጣደፊያ ክፍል ባላቸው ማሽኖች ላይ ነው የሚሰራው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ኤሌክትሮኑ የሞገዱ ጫፍ ላይ ከደረሰ ሙሉውን ይወስዳል፣ ከጫፉ 60 ዲግሪ ዞር ካለ ግማሹን ብቻ። በጣም ቀላል ይመስላል፣ ፓወር ሳትነኩ አንድ ፌዝ ሺፍተር ማዞር ብቻ። ግን ዋጋ አለው። ኤሌክትሮኖቹ አንድ ነጥብ ላይ አይደሉም፣ ከመሃል ወደ ሁለቱም ጎን 5 ዲግሪ ያህል ተበትነዋል እንበል። ጫፉ ላይ ስትሆኑ በመሃሉ እና በዳሩ መካከል ያለው ልዩነት 0.4 ፐርሰንት ብቻ ነው። 60 ዲግሪ ላይ ግን ከሁለተኛው ክፍል የሚገኘው ኢነርጂ ወደላይ እና ወደታች 15 ፐርሰንት ይሰፋል። የመጀመሪያው ክፍል 6 ሰጥቶ የሁለተኛው ሙሉ አቅም 6 ከሆነ 9 ኤምኢቪ ፈልጋችሁ ያገኛችሁት ከ8.55 እስከ 9.45 የተዘረጋ ነገር ነው፣ ሁለቱም ጎን 5 ፐርሰንት። ይሄ ደግሞ በኋላ ማግኔቱ ጋር ሲደርስ ይከለከላል። ለዚ መፍትሄው ሁለት ቡድን ክላይስትሮን ካላችሁ አንዱን ቡድን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ በእኩል ዲግሪ ማዞር ነው፣ ኢነርጂው ይቀንሳል፣ መበታተኑ ግን እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

አራተኛው ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው ነው፣ ኢነርጂ ስዊች። ስታንዲንግ ዌቭ (ሞገዱ ባለበት የሚቆምበት) በሆነው የጎን ካቪቲ (ባዶ ጓዳ) ባለው ቱቦ ውስጥ፣ ማይክሮዌቩ ከአንዱ ካቪቲ ወደ ሌላው የሚሻገረው በጎን ባሉ ትንንሽ ካቪቲዎች በኩል ነው። ከነዚህ አንዱ ውስጥ የብረት ዘንግ ሲገባ፣ ከዛ በኋላ ወዳሉት ካቪቲዎች የሚያልፈው ፊልድ ይቀንሳል፣ ከዛ በፊት ያለው በንቸር ግን ሙሉውን እንደያዘ ይቆያል። ቅድም ያልኩት ጥበብ በአንድ ዘንግ ተሰራ ማለት ነው። ሁለት የተራራቁ የፎቶን ኢነርጂ፣ ለምሳሌ 6 እና 18 ኤምቪ፣ ከአንድ ቱቦ ንጹህ አድርጎ ለማውጣት የረዳው እንደዚ አይነት ነገር ነው። ግን ተንቀሳቃሽ ብረት ነው፣ ያረጃል፣ ቦታው ላይ በደንብ ሳይቀመጥ ሊቀር ይችላል፣ ኢነርጂው ሲዋዥቅ እሱንም ጠርጥሩት።

ትልልቆቹ ማሽኖች ደግሞ ሌላ አቅም አላቸው፣ ቆጥሮ መተው። ካሊፎርኒያ ስላክ የሚባለው የምርምር ማዕከል ያለው ረጅም ቱቦ ላይ የማይፈለገው ክላይስትሮን አይጠፋም፣ ፐልሱ ቢሙ ካለፈ በኋላ እንዲመጣ ሰዓቱ ይዛወራል፣ እንደሰራ ስለሚቀጥል ሙቀቱ አይለወጥም፣ ሲፈለግ ወዲያው ይመለሳል። እዛው ያለው ኤልሲኤልኤስ የሚባለው የኤክስሬይ ሌዘር በ2009 ሲጀመር የኤክስሬዩን የሞገድ ርዝመት የሚቀይሩት የኤሌክትሮኑን ኢነርጂ በመቀየር ነበር፣ 13.6 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ 1.5 አንግስትሮም፣ 4.3 ላይ 15 አንግስትሮም፣ ሞገዱ በኢነርጂው ስኩዌር ነው የሚያጥረው። በፋብሪካ የህክምና እቃ ለማምከን የሚሰራው ሮዶትሮን የሚባለው ማሽን ደግሞ ኤሌክትሮኑን በአንድ ካቪቲ ውስጥ ደጋግሞ ያሳልፈዋል፣ በእያንዳንዱ ማለፍ 1 ኤምኢቪ ገደማ፣ 10 ጊዜ ካለፈ 10፣ ቀድሞ ከወጣ 5 ወይ 7። ምግብ ላይ ሲሰራ በኮዴክስ መሰረት ኤሌክትሮን ከ10 ኤምኢቪ አይበልጥም፣ ኤክስሬይ ከሆነ 5፣ ምግቡ ራሱ ራዲዮአክቲቭ እንዳይሆን ነው።

አንድ መንገድ ግን እንዳትሄዱበት፣ ከፍ ባለ ኢነርጂ አውጥቶ መንገዱ ላይ ፕላስቲክ ወይ አሉሚኒየም ማስቀመጥ። ኢነርጂው ይወርዳል፣ አዎ፣ ውሃ መሰል ነገር ውስጥ በየሴንቲሜትሩ 2 ኤምኢቪ ገደማ ያጣል። ግን እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የተለያየ መጠን ያጣል፣ ወደ ጎን ይበተናል፣ ተጨማሪ ኤክስሬይ ይፈጥራል። ቆዳ ላይ ዶዝ ለመጨመር ብሎ ማስቀመጥ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ኢነርጂ መቀየሪያ ግን አይደለም።

ሙቀቱን አትናቁ

ቱቦው መዳብ ነው፣ መዳብ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ካቪቲው ሲሰፋ የሚፈልገው ፍሪኩዌንሲ ይወርዳል። 2856 ሜጋኸርዝ ላይ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 48 ኪሎኸርዝ ያህል ነው። ፓወር ስትቀይሩ ሙቀቱ ይቀየራል፣ ስለዚ አሁን ያስተካከላችሁት ኢነርጂ ከትንሽ ደቂቃ በኋላ ሌላ ነው። ኦቶማቲክ ፍሪኩዌንሲ ኮንትሮሉ ይከተለዋል፣ ግን እሱም ጊዜ ይፈልጋል፣ ፍሪኩዌንሲው በትንሹ ከሳተ ደግሞ ፓወሩ ወደ ቱቦው መግባቱን ትቶ ወደኋላ ይመለሳል፣ ኢነርጂው ይወርዳል። ማቀዝቀዣ ውሃው ሳይረጋጋ የተመዘገበ ቁጥርን አትመኑት። እኔ ኢነርጂ ስናስተካክል ሰው ሲቸኩል ካየሁ ቡና ጠጥተን እንመለስ ነው የምለው፣ ጥሩ የመረጋጊያ ጊዜ ነው።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ

ቢሙ ከቱቦው ከወጣ በኋላ ብዙዎቹ ከፍ ያለ ኢነርጂ ያላቸው ሊናኮች ላይ ወደ ታካሚው የሚያዞረው ቤንዲንግ ማግኔት አለ፣ 270 ዲግሪ የሚያዞረው የተለመደ ነው። ማግኔቱ የሚያውቀው ሞመንተም ነው፣ ልክ የሆነውን ያሳልፋል፣ ያነሰው ወደ ውስጥ የበለጠው ወደ ውጪ ይሄድና መንገዱ ላይ ያለው ስሊት ይይዘዋል። ስሊቱ ፕላስ ማይነስ 3 ፐርሰንት ቢሆን ቅድም ያየነው 5 ፐርሰንት የተበተነው ቢም ዳርና ዳሩን ተቆርጦ ነው የሚወጣው ማለት ነው።

ለማስላት ቀላል ነው፣ ሞመንተሙን በኤምኢቪ ያዙና ለ300 አካፍሉት፣ የምታገኙት የማግኔት ፊልዱ በቴስላ እና የመዞሪያው ራዲየስ በሜትር ሲባዙ የሚሰጡት ነው። 20 ኤምኢቪ ላይ የኤሌክትሮኑ የራሱ እረፍት ኢነርጂ 0.511 ሲጨመር ሞመንተሙ 20.5 ይሆናል፣ ለ300 ሲካፈል 0.068፣ ራዲየሱ 10 ሴንቲሜትር ከሆነ 0.68 ቴስላ። 6 ኤምኢቪ ላይ ሞመንተሙ 6.49 ነው፣ 0.216 ቴስላ። እዚ ጋር ልብ በሉ፣ 20 ለ 6 ሲካፈል 3.33 ነው፣ የማግኔቱ ግን 3.16 ነው፣ በኢነርጂ ብቻ የማግኔቱን ከረንት ያሰላ ሰው በ5 ፐርሰንት ይስታል፣ 5 ፐርሰንት ደግሞ ከስሊቱ ውጪ ነው፣ ቢም የለም።

ደግሞ ብረት ማህደረ ትውስታ አለው። ከ20 ወደ 9 ወርዳችሁ የምታገኙት ፊልድ እና ከ6 ወደ 9 ወጥታችሁ የምታገኙት በአንድ አይነት ከረንት አንድ አይነት አይደለም። ስለዚ ሁሌ በአንድ አቅጣጫ ነው የሚቀረበው፣ መጀመሪያ እስከ ከፍተኛው ከረንት ወስዳችሁ ከዛ ወደምትፈልጉት ማውረድ፣ በእያንዳንዱ የኢነርጂ ለውጥ፣ ሳትሰለቹ።

ቅደም ተከተሉ

መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ ያለውን ሁሉ መዝግቡ፣ የገን ከረንት፣ የፐልስ ቮልቴጅ፣ የማግኔት ከረንት፣ ቢሙን መሃል የሚያስይዙት ስቲሪንግ ኮይሎች፣ የፍሪኩዌንሲ ኮንትሮሉ ቦታ፣ የውሃው ሙቀት፣ ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት። የምትመለሱበት ቤት ከሌላችሁ ከቤት አትውጡ።

ከዛ ማግኔቱን ወደ አዲሱ ኢነርጂ ውሰዱት፣ ቅድም ባልኩት መንገድ አዙራችሁ። ማግኔቱ ቀድሞ ይቀመጣል፣ ቢሙ ነው ወደ ማግኔቱ የሚመጣው። የተገላቢጦሽ፣ ማለትም ቢሙ የት እንዳለ በማግኔቱ እየፈለጉ መሄድ፣ ኢነርጂውን እንዳጋጣሚ እንዲሆን ነው የሚያደርገው። ከዛ ታርጌቱ እና ኤሌክትሮኑን የሚበትነው ስካተሪንግ ፎይል ለሞዱ ትክክለኛው መሆናቸውን አረጋግጡ፣ ምልክቱን አይታችሁ ብቻ ሳይሆን ከተቻለ ፊልተሩን እና ፎይሉን የሚያዞረውን ካሩሰል በአይናችሁ አይታችሁ። ፎይሉ ለየኢነርጂው የራሱ አለው፣ የ6 ፎይል ለ18 አይሆንም፣ ቢሙ ጠፍጣፋ አይሆንም።

አሁን ፐልሱን በሰከንድ ዝቅተኛው ላይ፣ ገኑንም ዝቅተኛው ላይ አድርጉና ማይክሮዌቭ ፓወሩን ከታች ወደ ላይ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ የሚወጣውን ጨረር የሚለካው ሞኒተር ቻምበር ላይ ሲግናል መምጣት ይጀምራል፣ ከፍ ይላል፣ ጫፍ ይነካል፣ ከዛ ይወርዳል። ጫፉን አልፋችሁ ሂዱና ተመለሱ፣ በሁለቱም በኩል ግማሽ የሆነበትን ጻፉ፣ መሃላቸው ላይ ቁሙ። ይሄ ጉብታ ጠባብ እና ሁለቱ ጎኑ ተመሳሳይ ከሆነ ቢማችሁ ንጹህ ነው። ሰፊ እና የተንጋደደ ከሆነ በንቸሩ ጋር ችግር አለ፣ ወይ ፌዙ ከጫፍ ርቋል፣ በዛ ላይ አትቀጥሉ።

ከዛ ፍሪኩዌንሲ ኮንትሮሉ እንዲይዝ ጠብቁ፣ ስቲሪንጉን አስተካክሉ፣ ሲሜትሪውን እዩ። ቀጥሎ ገኑን ወደሚፈለገው ዶዝ ሬት ከፍ ስታደርጉ ሎዲንጉ ኢነርጂውን ስለሚያወርደው ፓወሩን ትንሽ መጨመር ይኖርባችኋል፣ ጉብታውን እንደገና ፈልጉ። ይሄ ሁለት ሶስት ዙር ይፈጃል። መጨረሻ ላይ የኢንተርሎኩን መስኮት ጠበብ አድርጋችሁ ዝጉ፣ የማግኔቱ ከረንት ከወሰናችሁት ትንሽ ሲወጣ ማሽኑ እንዲቆም። ኢንተርሎክ ሲያስቸግር መስኮቱን ማስፋት ፈተና ነው፣ ወረፋው ረጅም ሲሆን በተለይ፣ ግን የሚያስቸግረው ሊነግራችሁ የሚፈልገው ነገር ስላለ ነው።

ማግኔቱ ራሱ ከተሳሳተስ?

ታህሳስ 1990 እንደ ፈረንጆቹ፣ ስፔን ዛራጎዛ ከተማ ውስጥ አንድ ሊናክ ተበላሸ፣ ቢም ጠፋ። ቴክኒሻኑ ጠገነው፣ ቢሙ ተመለሰ፣ ህክምና ቀጠለ። ግን ቢሙ የተመለሰው የማግኔቱ ችግር ተስተካክሎ ሳይሆን ኢነርጂው ወደ ላይ ስለተወሰደ ነበር፣ ኮንሶሉ ላይ የትኛውም የኤሌክትሮን ኢነርጂ ቢመረጥ የሚወጣው 36 ኤምኢቪ ነበር። በጣም የሚያመኝ ነገር፣ መለኪያው መርፌ እውነቱን እየተናገረ ነበር፣ 36 ላይ ቆሞ። ያዩት ሰዎች መርፌው ተጣብቋል ብለው አሰቡ። ፊዚሲስቶቹ ከጥገናው በኋላ እንዲለኩ አልተጠሩም። በ10 ቀን ገደማ ውስጥ 27 ታካሚ በዛ ቢም ታከመ፣ ላይ ላዩን ብቻ መታከም የነበረበት ሰው ጨረሩ ውስጡ ድረስ ገባ፣ በዛ ጉዳት የሞቱም አሉ።

ከዛ ትንሽ ቀደም ብሎ ከ1985 እስከ 1987 አሜሪካ እና ካናዳ ውስጥ ቴራክ 25 የሚባለው ማሽን ላይ 6 አደጋ ደርሷል። ቴክሳስ ላይ የደረሰው በቀጥታ ከኛ ጉዳይ ጋር የሚገናኝ ነው፣ ኦፕሬተሯ በስህተት ኤክስሬይ መርጣ ቶሎ ወደ ኤሌክትሮን አስተካከለች፣ ሶፍትዌሩ ግማሹን ሰማ ግማሹን አልሰማም፣ የፎቶን ሞድ ከረንት ያለ ታርጌት እና ያለ ፊልተር ወጣ። ቅድም ከረንቱ መቶ እጥፍ ነው ያልኳችሁን አሁን አስቡት።

ስለዚ ማሽኑ ስለራሱ የሚናገረው አይበቃም። ማሽኑን የማያውቅ ምስክር ያስፈልጋል፣ ያ ምስክር ውሃ ነው።

ውሃው ምን አለ

የውሃ ፋንተም (በሰው ቦታ የሚቆም የውሃ ገንዳ)፣ አዮን ቻምበር (ጨረር መለኪያ)፣ ከላይ ወደ ታች ስካን። ኤሌክትሮን ላይ የምትፈልጉት ንባቡ ወደ ግማሽ የወረደበትን ጥልቀት ነው። በአለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ ፕሮቶኮል መሰረት ጥልቀቱ እስከ 10 ሴንቲሜትር ከሆነ ያንን በ1.029 አባዙትና 0.06 ቀንሱለት፣ የዶዝ ግማሽ ጥልቀት ይሰጣችኋል፣ አር 50 የሚባለው። እሱን በ2.33 ስታባዙት በውሃው ላይ ያለውን አማካይ ኢነርጂ በኤምኢቪ ታገኛላችሁ። ምሳሌ፣ 12 ተብሎ የተሰየመ ቢም ላይ ቻምበሩ በ4.92 ሴንቲሜትር ግማሽ ካነበበ፣ አር 50 5.0 ይሆናል፣ አማካይ ኢነርጂው 11.65። የዶዝ መለኪያው ጥልቀት ደግሞ 0.6 ጊዜ አር 50 ሲቀነስ 0.1፣ ማለትም 2.9 ሴንቲሜትር። 12 ተብሎ 11.65 መሆኑ አያስደንግጣችሁ፣ ስም ስም ነው፣ ዋናው ፕላኒንግ ሲስተሙ ውስጥ ካለው ዳታ ጋር መግጠሙ ነው። አር 50 በ2 ሚሊሜትር ከተንቀሳቀሰ ግማሽ ኤምኢቪ ያህል ሄዷል፣ ዝም አይባልም።

ለፎቶን ደግሞ በ20 እና በ10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለውን ሬሾ ነው የምታዩት፣ ኮባልት 0.57 አካባቢ፣ 6 ኤምቪ 0.67 አካባቢ፣ 15 ኤምቪ 0.76 አካባቢ። ፎቶን ላይ ኢነርጂ ትንሽ ሲሳሳት ጠርዙ ላይ ያለው የቢም ቅርጽ ከጥልቀቱ ቀድሞ ይናገራል፣ ፍላተኒንግ ፊልተሩ ለአንድ ኢነርጂ ስለተቀረጸ፣ ስለዚ ፕሮፋይሉንም ስካን አድርጉ።

አሁን በጣም የማሳስበው ነገር። አንድ ቦታ ላይ ከጥገና በኋላ «አውትፑት ለክተናል፣ ልክ ነው» ተብዬ አውቃለሁ፣ የለኩት ዶዙ ከፍተኛ የሚሆንበት ጥልቀት ላይ ነበር። ኤሌክትሮን ላይ እዛ ጥልቀት ላይ ከርቩ ጠፍጣፋ ስለሆነ ኢነርጂው ቢንቀሳቀስም ቁጥሩ ብዙም አይነቃነቅም። ከርቩ ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ ላይ ቻምበሩን ስናስቀምጥ ነው ልዩነቱ የታየው። ስለዚ ለቶሎ ቼክ ሁለት ጥልቀት ያዙ፣ አንዱ ጠፍጣፋው ላይ አንዱ አር 50 አካባቢ፣ በፕላስቲክ ሰሌዳ ይበቃል፣ ሬሾውን መዝግቡ። 12 ኤምኢቪ ላይ እዛ ቁልቁለቱ ላይ 1 ሚሊሜትር መንሸራተት ሬሾውን በ0.04 ያህል ያንቀሳቅሰዋል፣ ስለዚ ትንሽ የኢነርጂ ለውጥም አያመልጣችሁም። 15 ደቂቃ የማይፈጅ ስራ ነው።

ከ10 ኤምቪ በላይ ወደሆነ ፎቶን የምትወጡ ከሆነ ሌላም ነገር ይጨመራል፣ ኒውትሮን። ለ6 ኤምቪ የተሰራ ክፍል እና በር ለ15 ወይ 18 በቂ ነው ብላችሁ እንዳትገምቱ፣ ኒውትሮን በሜዙ፣ በተጠማዘዘው መግቢያ፣ ዞሮ ነው በሩ ድረስ የሚመጣው፣ ለሱ ደግሞ ቦሮን ያለው ፖሊኤትሊን እንጂ ሊድ ብቻ አይበቃም። ኢነርጂውን ከመቀየራችሁ በፊት የክፍሉን ዲዛይን ወረቀት አውጥታችሁ እዩ።

ሁሉም ከገጠመ በኋላ እያንዳንዱን ኢነርጂ ለየብቻ ካሊብሬት አድርጉ፣ የሞኒተር ቻምበሩ ንባብ ለየኢነርጂው ሌላ ነው፣ የአፕሊኬተር ፋክተሮቹም እንደዛው። አንዱን ኢነርጂ አስተካክላችሁ ሌሎቹን ሳትለኩ አትሂዱ፣ ፓወሩን፣ ማግኔቱን እና ማቀዝቀዣውን ሁሉም ይጋሩታል፣ 12ን ስትነኩ 9 ሊንቀሳቀስ ይችላል። ሎግ ቡኩ ላይ ቀኑን፣ የተነካውን እቃ፣ ከመነካቱ በፊት እና በኋላ ያለውን አር 50 ለሁሉም ኢነርጂ፣ የውሃውን ሙቀት እና የሁለት ሰው ፊርማ አስቀምጡ፣ በሚቀጥለው ጠዋትም ማሽኑ ከብርድ ሲነሳ ሁለቱን ጥልቀት ደግማችሁ ለኩ፣ ሙቀቱ ሲረጋጋ የተስተካከለ ኢነርጂ ጠዋት ላይ ነው ሌላ ሆኖ የሚገኘው።